ሮጥ ሮጥ፣ ዐረፍ ዐረፍ

‹‹ዐረፈ›› የምትለውን ግስ አማርኛችን ብዙ ሸክም አሸክሟታል። ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ስትቀመጥ ዐረፈች ይባላል፤ አውሮፕላን ቦሌ ሲደርስ ዐረፈ ይባላል፤ ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን ሲወስድ ዕረፍት ላይ ነው ይባላል፤ ሰው ሲሞት፣ በተለይ የምናከብረው ሰው ሲሞት፣ ዐረፉ ይባላል። ‹‹ደከመ››ም ከእርሷ አትሻልም። ከአቀበት የተመለሰ ሰው ደከመኝ ይላል፤ አልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ ትንፋሹ ማነስ ሲጀምር ደግሞ ‹‹ደክመዋል፣ ቶሎ ድረሱ›› ተብሎ ለዘመድ ይደወላል። በእንዲህ ያለ ቋንቋ ውስጥ ተቀምጦ ‹‹የድካሜንና የዕረፍቴን ቀን እያቀድኩ ነው›› ማለት ሰሚን ማስደንገጥ ነው። እናቴ እንዲያ ብዬ ስነግራት ‹‹ምን ሆነሻል ልጄ?›› ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ነገር ግን ይኸው ቋንቋ አንዲት ጠባብ በር ክፍት ትቶልናል። ግሱን ያሳጥርና ‹‹አለ›› የምትል ረዳት ያስከትልበታል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ይለዝባል። ‹‹ተጋደመ›› አንድ ነገር ነው፣ ‹‹ጋደም አለ›› ሌላ ነገር ነው። ‹‹ዐረፈ›› መቃብር ድረስ ሊወስድ ይችላል፤ ‹‹ዐረፍ አለ›› ግን ከበርጩማ አያልፍም። ሮጠ የተባለ ሰው አንድም ተሽቀዳድሟል፣ አንድም ሸሽቷል፤ ‹‹ሮጥ ሮጥ አለ›› የተባለ ሰው ግን የሚያሳድደውም የሚያሳድደው ሰውም የለም። የስፖርት አሠልጣኞች ‹‹ንቁ ማገገሚያ›› የሚሉትን፣ ማለትም በሁለት ከባድ ቀኖች መካከል ሳይተኙም ሳይታገሉም የሚውሉትን ቀን፣ ከዚህች ‹‹ሮጥ ሮጥ›› የተሻለ የሚገልጽ ቃል አላገኘሁም። አትሌቶቹ ራሳቸው ‹‹ኢዚ›› ይሉታል፤ እኔ አራሚ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ‹‹ሮጥ ሮጥ››ን አስበልጣለሁ።

አዎ፣ የመጻሕፍት አራሚ ነኝ። ሥራዬ ተቀምጦ የሌላውን ሰው ፊደል መልቀም ነው፤ የሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ስለይ፣ ሠራዊትን ከሰራዊት ሳማታ ቀኑ ይመሻል። መሮጥ የጀመርኩት ከዘጠኝ ዓመት በፊት በ38 ዓመቴ ሲሆን ያስጀመረኝም ወገቤ ነው እንጂ ሜዳሊያ አይደለም። ሰፈራችን ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ስለሆነ ሜዳ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ እንጦጦ ከደጃፋችን ይጀምራል። አንድ ጊዜ በክለብ ይሮጥ የነበረ፣ ጉልበቱ አስቸግሮት የተወ ወጣት፣ እንደኔ ያሉ ጎልማሶችን ሰብስቦ ያሠራል። ሳምንታችንን የሠራልን እርሱ ነው። ሰኞ አቀበት፤ ረቡዕ ፍጥነት፤ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ሮጥ ሮጥ ወይም የእግር መንገድ። ዓርብ ምንም። በወረቀት ላይ ሲታይ የመዝሙር መጽሐፍ ይመስላል፤ ከባድ፣ ቀላል፣ ከባድ፣ ቀላል።

ከባዱን ቀን ማንም ይወጣዋል። አቀበቱ ራሱ ይገፋሃል፣ ጓደኛ ይገፋሃል፣ እልህ ይገፋሃል። ቀላሉን ቀን በቀላልነቱ መጠበቅ ግን ከአቀበቱ የባሰ ዲሲፕሊን የሚጠይቅ ነገር ነው። ጠላቱ ደግሞ የምናውቀው፣ የምንወደው፣ የከተማችን መልካም ልማድ ነው፤ ‹‹በርቺ!›› አዲስ አበባ ውስጥ ሮጦ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። የሊስትሮ ልጅ ያያችኋል፣ ‹‹በርቺ!›› ይላል። ጥበቃው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ‹‹አይዞሽ!›› ይላል። የታክሲ ረዳት በመስኮት ወጥቶ እንደ ኦሊምፒክ አሠልጣኝ ያዝዛል። ሰው በፍቅር ሲጠራችሁ እግር ሳያውቀው ይረዝማል። ያን ጊዜ ‹‹ዛሬስ መበርታት አይገባኝም›› ብሎ ለሊስትሮው ማስረዳት እንዴት ይቻላል?

አሠልጣኛችን ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ከአስፋልቱ አውጥቶ ጫካ ማስገባት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ባሕር ዛፉ ውስጥ በአንድ ረድፍ፣ አንዱ የአንዱን ተረከዝ እያየ፣ በዛፎቹ መካከል እባብ እንደሄደበት መንገድ እየተጣመምን እንሄዳለን። ትልልቆቹ አትሌቶችም ቀላል ቀናቸውን እንዲህ ሲያሳልፉ አያቸዋለሁ፤ ውድድር ላይ የነፋስ ያህል የሚፈጥኑት ልጆች እዚያ ሲሮጡ፣ የእኔ ቢጤዋ ከጎናቸው ተራምዳ ልትደርስባቸው ትችላለች። የመሬቱ ቅጠል ወፍራም ነው፤ ተረከዝ አይደበድብም። መጠማዘዙ ፍጥነትን ይሰርቃል። ከሁሉ በላይ ሰዓት ማየትን ከንቱ ያደርጋል፤ ዛፍ እየዞረ የሚሮጥ ሰው ኪሎ ሜትሩን በስንት ደቂቃ ጨረስኩ ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምን ይጠቅመዋል? ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ደግሞ ልብ ያለ ምክንያትም ትቸኩላለችና፣ እዚያ ላይ ‹‹ቀላል›› የምትለው ቃል ሜዳ ላይ ከምናስበው በጣም የዘገየች ናት። መለኪያችን ወሬ ነው። አጠገብህ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከነማሰሪያ አንቀጹ፣ ሳይቆራረጥ መናገር ከቻልክ ቀላል ነው፤ ግሱ ላይ ሳትደርስ ትንፋሽህ ካለቀ ቀላል አይደለም። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ለዚህ ፈተና ሳይመች አልቀረም። አሠልጣኙ ከኋላችን ሆኖ የሚደጋግማት አንዲት ምክር ናት፤ ‹‹እትዬ፣ ዛሬ የሚቀድምዎ ሁሉ ይቅደምዎ።››

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምንድን ነው? አራሚ ሰው ማስረጃ ይወድዳልና ነገሩን አገላብጬ አይቼዋለሁ። ለብዙ ዘመን የሚነገረው ታሪክ ይህ ነበር፤ ጡንቻ ሲታገል ላክቲክ አሲድ ያጠራቅማል፣ በማግሥቱ የሚያሳምመንም እርሱ ነው፣ ቀላል ሩጫ ያን ቆሻሻ ያጥበዋል። አርችባልድ ሂልና ኦቶ ማየርሆፍ የእ.ኤ.አ. 1922ን የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት በጡንቻ ሙቀትና በዚሁ ላክቲክ አሲድ ላይ ባደረጉት ምርምር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ላክቲክ አሲድን እንደ ወንጀለኛ ሲያሳድድ ኖረ። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካዊው ጆርጅ ብሩክስ ነገሩን ገለበጠው፤ ላክቴት ቆሻሻ ሳይሆን ከአንዱ ጡንቻ ወደ ሌላው፣ ወደ ልብና ወደ ጉበት የሚጓጓዝ ነዳጅ መሆኑን አሳየ። ደግሞም ከሩጫ በኋላ ቁጭ ብንል እንኳ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጠራል፤ መራመድ ያፋጥነዋል እንጂ አይፈጥረውም። በማግሥቱና በሠልስቱ ደረጃ ስንወርድ የሚያስቃስተን ሕመም የእርሱ ሥራ አይደለም። ከጡንቻ ክሮች መጎዳት የሚመጣ ነው፤ በተለይ ከቁልቁለት፣ ጡንቻ እየተሳበ ክብደት ሲሸከም።

እንግዲህ እውነቱን ለመናገር፣ ሮጥ ሮጥ ማለት ያን ጉዳት ቶሎ ይጠግነዋል የሚለው ማስረጃ ደካማ ነው። ለጥቂት ሰዓት ሕመሙን ያስታግሳል፣ የተሳሰረውን ያላቅቃል፤ የሚጠግነው ግን እንቅልፍና ምግብ ነው። ይህን ሳውቅ ቀላል ቀኔን ልተወው አልወደድኩም፤ እንዲያውም ይበልጥ ወደድኩት። ምክንያቱም ቀላሉ ቀን መድኃኒት አይደለም። ቀላሉ ቀን፣ ከባዱ ቀን በእውነት ከባድ እንዲሆን ቦታ የሚለቅ ቀን ነው። በየቀኑ መካከለኛ የሚሮጥ ሰው ሰኞም አይከብደው፣ ማክሰኞም አይቀለው፤ ሳምንቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆንበታል። ‹‹ማፍታታት›› የምንለው ቃል ደግሞ እንዴት ያለ ቃል ነው! ፈታ ከሚለው የወጣ፣ የታሰረ እንዳለ የሚያውቅ ቃል።

አበበ ቢቂላ በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንት ሆኖት ሳለ፣ ሌሎቹ ሯጮች ገና መንገድ ላይ ሳሉ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያፍታታ በፊልም ይታያል። ያን ፊልም ያየ ሁሉ ‹‹አልደከመውም ማለት ነው›› ይላል። እኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ልማዱን ያልዘነጋ ሰው። ዓለም እያጨበጨበለት እንኳ ቀጥሎ የሚመጣው ተራ ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከባድና ቀላል ቀንን ማፈራረቅን በዘመናዊው ሩጫ ዘንድ ስም ያሰጡት የኦሪገን ዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ቢል ባወርማን ናቸው። ስለ እርሳቸው ከሚነገረው ሁሉ የምወድደው ግን ስለ ከባዱ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ባወርማን ኒውዚላንድ ሄደው የአገሩን ታዋቂ አሠልጣኝ አርተር ሊድያርድን ይጎበኛሉ። ሊድያርድ አንድ ቀን ጠዋት፣ ጎልማሶችና አዛውንቶች ሰብሰብ ብለው ኮረብታ ለኮረብታ ሮጥ ሮጥ ወደሚሉበት ይወስዷቸዋል። ባወርማን ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና ሃምሳ አንድ ቢሆንም ወዲያው ወደ ኋላ ይቀራሉ። ታዲያ አንድ ከሰባ ዓመት ያለፉ፣ የልብ ሕመም ደጋግሞ ጥሏቸው የተነሡ አዛውንት ከቡድኑ ተነጥለው ከእንግዳው ጋር ቀሩ፤ እያጫወቱ አደረሷቸው። ባወርማን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘው የሄዱት ያን ዓይነት ሩጫ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ተራው ሰው ሰፈሩን እየዞረ መሮጥ እንዲለምድ ያደረገውን መጽሐፍም ከአንድ የልብ ሐኪም ጋር ሆነው ጻፉ። እኔ ግን ሁሌ የማስበው እኚያን ሽማግሌ ነው። የእርሳቸው ቀላል እርምጃ ለታላቁ አሠልጣኝ የሞት ሽረት ነበር። በአንድ መንገድ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲያርፍ ሌላው ሊታገል ይችላል።

ይህን የጻፍኩት ወደ እናቴ ለመምጣት ነው።

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። የተወለደችው አድአ፣ ጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ፣ ከገበሬ ቤት ነው። ባለፈው ጥር ምንጣፍ ጠልፏት ወደቀችና የግራ ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ብረት ገባላት፣ በሁለተኛው ቀን አቁመው አራመዷት። ሰዉ ሁሉ ሊጠይቅ ሲመጣ የሚላት አንድ ነበር፤ ‹‹እንግዲህ አርፈሽ ተኚ።›› ይህ በፍቅር የሚነገር አደገኛ ምክር ነው። በዚያ ዕድሜ አልጋ ላይ የሚያልፍ ሳምንት ከጡንቻ ላይ የሚወስደውን ለመመለስ ወራት አይበቁትም፤ ከዳሌ ስብራት በኋላ ከአልጋቸው ሳይነሡ የቀሩ ስንት የሰፈር እናቶችን ቀብረናል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ግን እንደኛ አሠልጣኝ ነበር የተናገረችው። አንድ ቀን እስከሚደክማት ትራመድ፤ በማግሥቱ እዚያው ወንበሯ ላይ እግር ታንሣ፣ ታውርድ፣ ቁርጭምጭሚቷን ታዙር፣ አሥር ጊዜ ትነሣና ትቀመጥ፤ ከዚያ እንደገና ትራመድ። ከባድ፣ ቀላል፣ ከባድ፣ ቀላል።

እኔ እየተረጎምኩ ሳስረዳት እናቴ በትዕግሥት ሰማችና ‹‹ይኼማ የሽንብራ ነገር ነው›› አለች።

እንዴት አልኳት። አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ጤፍ ያበቀለውን መረሬ በተከታዩ ዓመት መልሰው ጤፍ አይዘሩበትም ነበር። ጦም ማሳደር የሚችል ሰፊ መሬትም አልነበራቸውም። ስለዚህ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ላይ ሽንብራ ይዘሩበታል። ሽንብራ ብዙ አይጠይቅም። ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ እንደሚመግቡ፣ ከዚያም የተረፈው አፈሩን እንደሚያበለጽግ ዛሬ ማንም የግብርና ተማሪ ይነግረናል፤ አያቴ የሚሉት ግን፣ እንደ እናቴ አነጋገር፣ ‹‹መሬቱ ሳይተኛ ያርፋል›› ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ማሳ ላይ የሚበቅለው ጤፍ ሌላ ነው። ንቁ ማገገሚያ የሚለውን ቃል ለማስረዳት አንድ ወር ሙሉ ስታገል ቆይቼ፣ እርሷ በአንድ እፍኝ ሽንብራ ጨረሰችው።

ዕቅዳችን የተጋጠመው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴን ለማራመድ ጎረምሳ ክንድና ያልቸኮለ ሰው ያስፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ከአቀበት ስመለስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ረቡዕ ከፍጥነት በኋላ ቁርስ በልቼ ወደ ሥራ መሮጥ አለብኝ፤ ቅዳሜ ረጅሙ ሩጫ እስከ ረፋዱ ያቆየኛል። የቀሩት ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ናቸው። ስለዚህ የእኔ ቀላል ቀኖች የእናቴ ከባድ ቀኖች ሆኑ፤ የእርሷ የወንበር ቀኖች ደግሞ የእኔ የአቀበትና የፍጥነት ቀኖች። ጫካውን ለጓደኞቼ ትቼ በሩብ ሰዓት ሩጫ ብቻ ሰውነቴን አሙቄ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ሁለታችን እንወጣለን። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈነዋል። በሁለት ዓምድ ነው የተጻፈው፤ በአንዱ ‹‹ከባድ›› ባለበት በሌላው ‹‹ቀላል›› ይላል። ሁለታችንም ከባድ የሆነብን ቀን የለም። ለዓርብ ብቻ ሁለቱም ዓምድ ባዶ ነው።

ግንቦት ላይ ከበራችን እስከ ጥጉ ሱቅ ድረስ በባለ አራት እግሩ መደገፊያ 140 እርምጃ ነበር፤ የቆጠርኩት በእርሷ እርምጃ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ 140 እርምጃ ለመሄድና ለመመለስ ግማሽ ሰዓት። የእኔ ልብ እንቅልፍ ላይ ያለች ያህል ቀስ ብላ ትመታለች፤ የእናቴ ላብ ከነጠላዋ ሥር ግንባሯ ላይ ይታያል። ስትደክም ‹‹ደከመኝ›› አትልም፤ ያቺን ቃል አትወዳትም። ‹‹ያንን ጽጌረዳ እስቲ እንየው›› ትላለች፤ የጎረቤት አጥር ላይ ያለውን። ጽጌረዳውን በአንድ ጠዋት አራት ጊዜ ያየንበት ቀን አለ።

የዚህ አገር ሰላምታ ለምን እንደሚረዝም የገባኝም እዚያ መንገድ ላይ ነው። ‹‹እንደምን አደርሽ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ እግርሽ እንዴት ነው፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው፣ ያቺ የመጨረሻዋስ ወለደች ወይ›› ብሎ አንዷ ጎረቤት ስትጠይቅ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ከሱቁ በፊት በአማካይ ሦስት ሰው ያጋጥመናል። አሠልጣኜ በፍጥነት ቀን በየ400 ሜትሩ መካከል የሚሰጠን መተንፈሻ ሁለት ደቂቃ ነው። ሥጋት የሚገባኝ መንገዱ ጭር ባለ ጊዜ ነው፤ ሰላም የሚላት ሰው ከጠፋ እናቴ ያለ ማቆሚያ ትሄድና ከመጠን በላይ ትደክማለች። አንዳንዴ እኔ ራሴ እቆምና ከባዕድ ሰው ጋር ወሬ እጀምራለሁ።

ክረምቱ ገብቶ ኮብልስቶኑ መንሸራተት ሲጀምር ወደ በረንዳችን ገባን። በረንዳው ዐሥራ አንድ እርምጃ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እርሷ ትመላለሳለች፣ እኔ እቆጥራለሁ። በዚያን ጊዜ ነው ያልሰማኋቸውን ታሪኮች የሰማሁት፤ ከአድአ አዲስ አበባ የመጣችበትን ቀን፣ አባቴን ከማግባቷ በፊት ስለታጨችለት ሰው፣ ከእኔ በፊት ስለሞተው ወንድሜ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ያልተነገረ ነገር ጎን ለጎን ስንራመድ ይነገራል፤ ምናልባት ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ነው። ዐሥራ አንዱን እርምጃ ስትጨርስ ትዞራለች፤ ስትዞር ዝም ትላለች፣ መዞሩ ይከብዳታልና፤ ከዞረች በኋላ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች። አንድም ጊዜ ቦታው ጠፍቷት አያውቅም። ከማርማቸው ደራሲዎች ይህን የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው።

መስከረም ሲጠባ ታላቁ ሩጫ ቀረበ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በኅዳር የሚሮጠው ዐሥር ኪሎ ሜትር፣ ለእኛ ቡድን የዓመቱ ሠርግ ነው። ከመስቀል በዓል ማግሥት አሠልጣኙ ጠራኝና ዕቅዱን አሳየኝ። ዘንድሮ ከአንድ ሰዓት በታች መግባት እችላለሁ፤ እርሱ እንደሚለው የሚቀረኝ ትንሽ ነው፤ ሐሙስን ለስምንት ሳምንት ብቻ ከቀላል ወደ መካከለኛ ከፍ ካደረግናት ይበቃል። በስሌቱ ስሕተት አላየሁበትም። ለዓመታት ያሰብኩት ሰዓት ነው።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን አየሁት። ሐሙስ ከተነሣ እናቴ ከማክሰኞ እስከ እሑድ በወንበሯ ልትቆይ ነው። አራት ቀን። ለእኔ አራት ቀን ምንም አይደለም፤ ለእርሷ ግን ሁለት ጽጌረዳ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሌላ ሰው ቀጥረን እንዳናራምዳት አይደለም፤ ይቻላል። ግን ያ ሰው ስለታጨችለት ሰውዬ አይሰማም፣ ብትነግረውም ‹‹እሺ እማማ፣ ይራመዱ›› ይላታል። ለእናቴ ሳልሸሽግ ነገርኳት። ‹‹ለኔ ብለሽ ሩጫሽን አታሳጥሪ›› አለችኝ፤ እናት ሁሉ የሚለውን። ጥቂት ቆይታ ግን ‹‹ሐሙስ የኔ ነው እንጂ ያንቺ መቼ ነበር?›› አለች። በዚህኛው አመንኳት።

ሐሙስ እንደነበረ ቀጠለ። ለአሠልጣኙ ስነግረው ትንሽ አሰበና ‹‹እንግዲያውስ ረቡዕን እናክብዳት›› አለ፤ ረቡዕ ስድስት የነበረው ባለ 400 ሜትር ስምንት ሆነ። ሰዓቱ ይገኝ አይገኝ ኅዳር ያሳየናል። እናቴ በበኩሏ ሐሳቧ ከታላቁ ሩጫ ይበልጣል፤ መደገፊያውን ትታ በምርኩዝ፣ ታክሲ ሳትሳፈር፣ እንደ ድሮዋ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትፈልጋለች። እስከ ደጀ ሰላሙ በእኔ ግምት 900 የእርሷ እርምጃ ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ አቀበት አለው። አሁን ያለችው 410 ላይ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ጥግ። በየሳምንቱ ከሠላሳ በላይ እንዳንጨምር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አስጠንቅቃናለች፤ እናቴ ግን መቁጠር እንደማልችል አድርጋ ልታሳስተኝ ትሞክራለች።

ያለፈው እሑድ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ካለችው ድንጋይ ላይ ዐረፍ ብላ ሳለች፣ ከጫካው የሚመለሱ ወጣት አትሌቶች በአንድ ረድፍ ሆነው በዝግታ አለፉ። የመጨረሻው ልጅ አየንና እጁን አነሣ፤ ‹‹በርቱ!›› አለን። በአማርኛ ይህች ቃል ሁለት ፊት አላት፤ ለሁለት ሰዎችም ትነገራለች፣ ለአንዲት የተከበረች አሮጊትም ትነገራለች። ለሁለታችን ይሁን ለእርሷ ብቻ መለየት አልቻልኩም።

‹‹ለኔ ነው›› አለች እናቴ፣ ምርኩዟን እየፈለገች፤ ‹‹አንቺ ዛሬ ሥራ የለሽም።››

ለሐሙስ 440 ብለን ተስማምተናል፤ የወፍጮ ቤቱን አጥር አልፎ እስከ መብራቱ ምሰሶ።